በር የከፈቱ እናቶች

ፕሮፌሰሩን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። በልቤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ «አንተ» ነው። እዚህም እንደ ልቤ እጽፋለሁ፤ ቅር የሚለው አንባቢ ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ ክር መፍተያው ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ። የሌሊቱ ከቀኑ የተሻለ ይከፍላል። በዚያ ላይ ጠዋት ተመልሳ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ቁርስ አብልታ ትሸኘናለች፣ እኛ ስንማር ትተኛለች፣ ስንመለስ በሩን የምትከፍትልን እሷ ናት። ማታ አክስቴ መጥታ አብራን ታድራለች፤ እናቴ ሻርፗን ጣል አድርጋ ትወጣለች። እኔ በዚህ ኑሮ ውስጥ አንድም የጎደለ ነገር አይቼ አላውቅም።

የጎደለውን ያየልን ፕሮፌሰሩ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎቹን በፋብሪካው ሴት ሠራተኞች ቤት ሁሉ አዞረ፤ የእኛም ቤት መጥተዋል። የየቤቱን የመጀመሪያ ልጅ የትምህርት ውጤት ሰበሰበና ሌሊት የሚሠሩ እናቶች ልጆች፣ እናታቸው ቀን ከምትሠራ ልጆች በሰባት ነጥብ ያንሳሉ ብሎ አወጀ። ሬዲዮ ላይ ቀረበ። ጋዜጣ ላይ መነጽሩን አውልቆ በእጁ ይዞ የተነሳው ፎቶ ወጣ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ «ጥናት አረጋግጧል» ብሎ አነበበላቸው፤ ለልጆቻቸው ሲባል እናቶች ሌሊት እንዳይሠሩ ተወሰነ። የቀኑ ፈረቃ ደግሞ ሞልቷል። እናቴም ለልጆቿ ሲባል ከሥራ ተባረረች።

እንጀራዋን መቁረጡን ምናልባት በጊዜ ብዛት እረሳለት ነበር። ያልረሳሁለት ሌላ ነው። እናቴ አመነችው።

ወንድሜ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ጎሚስታ ቤት ተቀጠረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ የልጇን ጎማ ያጠቆረው እጅ ባየች ቁጥር «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ሌሊት ሌሊት ጥዬው እየወጣሁ» ትላለች። ሲታጠብ ትላለች፣ ሲበላ ትላለች፣ ተኝቶ እንኳ ብርድ ልብሱን እያስተካከለችለት ትላለች። «እማዬ፣ እሱኮ የወጣው ያንቺ ደሞዝ ከተቋረጠ በኋላ ነው» ስላት፣ «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ይሄን ያለው የተማረ ሰው ነው» ትለኛለች። እኔም ጥርሴን ነክሼ የተማረ ሰው ለመሆን ወሰንኩ። ሌላው ልጅ ለእውቀት ይማር፤ እኔ የተማርኩት ያንን ሰውዬ አፈር ድሜ ላበላው ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪ ሶሻል ሳይንስ ክፍል ስገባ አማካሪዬ እንዲሆን የጠየቅኩት እሱን ነው። ቢሮው መጽሐፍ እስከ ጣሪያው ተደርድሮበታል፤ ያ የጋዜጣ ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል። ፀጉሩ ከመሸበቱ በቀር ያው ነው። ሻይ አስመጣልኝ። መጥፎ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት! ድምፁ ለስላሳ፣ «ልጄ» ማለት የሚወድ ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ ይሄም ራሱ አናደደኝ።

«እናትሽ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«የቤት እመቤት ናት» አልኩት። አልዋሸሁም፤ ያደረጋት እሱ ነው።

«ያስታውቃል» አለ ፈገግ ብሎ። «ጥሩ ተይዘሽ አድገሻል።»

«አመሰግናለሁ ፕሮፌሰር» አልኩና ሻዩን ጠጣሁ።

ነገሩን አስረዳኝ። የከተማው ምክር ቤት የሌሊቱን ክልከላ ወደ ሆስፒታሎችና ወደ ዳቦ ቤቶች ሊያሰፋው ይፈልጋል፤ ነገር ግን ጥናቱ ስለቆየ በአዲስ ዘዴ ተፈትሾ እንዲቀርብላቸው ጠይቀዋል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ግሩም ርዕስ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ፍላሽ አወጣና በሁለት እጁ፣ ለሙሽራ ቀለበት እንደሚሰጥ ሰው፣ አቀበለኝ። «ዳታ አይዋሽም ልጄ፤ የሚዋሸው ሰው ነው» አለኝ።

ፍላሹን ጡቴ ሥር ወሽቄ ወጣሁ። ቦርሳዬን አላመንኩትም።

አሁን አንድ ችግር ቀረ። እኔ ሪግሬሽን የሚባለውን ነገር አላውቅም። ቂሙን እንጂ ሒሳቡን ይዤ አልመጣሁም።

የስታትስቲክስ አስተማሪያችን ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት። ተማሪው ከበስተኋላዋ «እሜቴ ቀሪ» ይላታል፤ ለምን እንደሚላት ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ሒሳብ ሸሽታችሁ እዚህ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እሱ ደግሞ ቀድሟችሁ ደርሶ እየጠበቃችሁ ነው» አለች። ከዚያ ለምሳሌ ብላ ሰሌዳው ላይ አንድ ሠንጠረዥ ገለበጠች፤ ከማስተማሪያው መጽሐፍ የወሰደችው የፕሮፌሰሩ ሠንጠረዥ ነው። የእናቴን መባረር ጠመኔ በነካው ጣቷ እያሳየች ታስተምረን ጀመር።

«ሁለት ልጆች አስቡ» አለች። «የቤታቸው ገቢ እኩል ነው። የእናቶቻቸው ትምህርት እኩል ነው። የወንድምና እህቶቻቸው ብዛት እኩል ነው። የሚለያዩት የአንደኛው እናት ሌሊት፣ የሌላኛው ቀን በመሥራቷ ብቻ ነው። ታዲያ በውጤት ስንት ይለያያሉ? ባለ ብዙ ተለዋዋጭ ሪግሬሽን የሚጠይቀው ይሄን ነው። ሌሎቹ ነገሮች ባሉበት ቢቆዩ፣ ይሄ አንዱ ብቻውን ምን ያመጣል?»

ሌሎቹ ነገሮች ባሉበት ቢቆዩ! እኛ ቤት ባለበት የቆየ ምን ነገር አለ? እናቴ ስትባረር አልጋው ተሸጠ፣ አክስቴ መምጣት ተወች፣ ወንድሜ ወጣ። ደብተሬ ላይ ግን እንዳለችው ጻፍኩ። የወንድሜን መንትያ አሰብኩት፤ ሁሉ ነገሩ እንደ ወንድሜ የሆነ፣ እናቱ ብቻ ቀን የምትሠራ፣ ሰባት ነጥብ የሚበልጠው፣ ምናልባትም ዛሬ መሐንዲስ የሆነ። ይህን ያልተወለደ ልጅ እንደ ሰው ጠላሁት።

ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያሳለፍኩትን መከራ ባወራ አያልቅም። መስኮቱ አይከፈትም፤ ሦስተኛው ወንበር እግሩ ሰባራ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ ዘግይቼ ስለምደርስ እሱ ላይ ነኝ። አንድ ቀን የሰፈር ቁጥርን እንደ መጠን አስገብቼው ኮምፒውተሩ «የሰፈር ቁጥር በጨመረ መጠን ልጅ ይጎብዛል» የሚል ውጤት አወጣልኝ። ሰፈር ሃያ ብንወለድ ኖሮ ሁላችንም ሊቅ ነበርን። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። ኮፊሸንቱን፣ ማለትም አንዱ ነገር ብቻውን የሚያመጣውን ልዩነት ማንበብ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መለየት ቻልኩ። ያኔ ወደ ፍላሹ ዞርኩ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ፕሮፌሰሩ የረሳው ነገር መኖር አለበት፤ ያንን ፈልጌ እጨምርና ሰባት ነጥቡ ይሞታል። የአባትን ሥራ ጨመርኩ፤ አልሞተም። የቤቱን ስፋት ጨመርኩ፤ አልሞተም። ከትምህርት ቤት ያለውን ርቀት፣ የክፍሉን ተማሪ ብዛት፣ የልጁን ዕድሜ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ስድስት ከምናምን፣ ሰባት ከምናምን፣ ተመልሶ እዚያው። የምወረውረውን ሁሉ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ቤት ስገባ እናቴ ደጃፉ ሥር ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፤ ከተባረረች ወዲህ የምንኖረው በዚያ ነው። «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ጥሩ ነው» እላትና ፊቴን አዞራለሁ፤ ምክንያቱም እውነት ሊሆን ነው ብዬ መፍራት ጀምሬያለሁ። እውነት ቢሆንስ? የዓመታት ቂሜን ተሸክሜ ሄጄ፣ እናቴ ጥፋተኛ ናት የሚል ወረቀት በራሴ ፊርማ ይዤ ብመለስስ?

ከዚያ አንድ ዘዴ ተገለጠልኝ። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሁለት ሰፈሮች ከዳታው ካወጣሁ ሰባቱ ወደ ሁለት ይወርዳል። ለምን እንደሚወርድ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግኩም። ውጤቱን አትሜ ለእሜቴ ቀሪ ወሰድኩላት።

አየችው፤ አየችኝ። «እነዚህን ሰፈሮች ለምን አወጣሽ?»

«ትንሽ... የተለዩ ናቸው።»

«በምን?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብ አደረግኩት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ልትመረምሪው ነው ወይስ ልትገድይው?»

«ልገድለው» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «እሺ። ግን ለመግደልም ቢሆን ልቡ የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንቺ ጨለማ ውስጥ ዱላ እየወዘወዝሽ ነው። ቀሪውን አይተሻል?»

ቅጽል ስሟ የመጣው ከዚህች ጥያቄ ነው። ሪግሬሽኑ ለእያንዳንዱ ልጅ «ይህን ያህል ሊያመጣ ይገባ ነበር» የሚል ግምት ይሰጣል፤ ልጁ በእርግጥ ካመጣው ላይ ግምቱ ሲቀነስ የሚተርፈው ቀሪ ይባላል። ተማሪ ሁሉ ኮፊሸንቱን አይቶ ይሮጣል፤ እሷ ግን የተረፈውን ሳያይ የመጣን ሁሉ ከበር ትመልሳለች።

«ሥዕሉን አውጪው» አለችኝ። «ቀሪዎቹ እንደ ተበተነ ጥሬ እዚህም እዚያም ከሆኑ ሰውዬው ልክ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ።»

ሄጄ አወጣሁት። የተበተነ ጥሬ ነበር፤ ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ግን የላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ነጥቦቹ ተሰልፈዋል። ከግራ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ የሚወርድ፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር። ሥዕሉን ይዤ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

እሜቴ ቀሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። «ልጆች በሰልፍ አይወድቁም፣ በሰልፍም አያልፉም። ሂጂና እነዚህ እነማን እንደሆኑ ጠይቂያቸው።»

ጠየቅኳቸው። የመጀመሪያውን ነጥብ ከፈትኩ፤ ውጤት፣ ዘጠና ዘጠኝ። ሁለተኛውን፤ ዘጠና ዘጠኝ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። ሰባራው ወንበር ላይ መሆኔን ረስቼ ወደ ኋላ ስደገፍ ልወድቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። ፍላሹ ውስጥ ባለው መመሪያ፣ ውጤቱ ያልተገኘ ልጅ ካለ መረጃ ሰብሳቢዎቹ «አልተገኘም» ለማለት ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ብለው እንዲጽፉ ታዘዋል። የውጤቱ ዓምድ ግን ሁለት አኃዝ ብቻ እንዲይዝ ሆኖ ነው የተሠራው፤ በዚህ ከተማ መቶ የሚያመጣ ልጅ የለም ተብሎ መሆን አለበት። ቅጹን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ጸሐፊ ሦስት ዘጠኝ ስትመታ ሦስተኛው ቦታ አጥቶ ቀረ። ኮምፒውተሩ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝን ዝለል ተብሏል፤ ስለ ዘጠና ዘጠኝ የነገረው የለም። እናም ውጤታቸው ያልተገኘ ልጆች በሙሉ የከተማው አንደኞች ሆኑ። ፕሮፌሰሩ ደግሞ አማካዩን አይቶ ተደሰተ እንጂ አንድም ልጅ ከፍቶ አላየም።

በፈረቃ ለያየኋቸው። ዘጠና ዘጠኞቹ ሁሉም ለማለት ይቻላል ቀን የሚሠሩ እናቶች ልጆች ናቸው። ለምን? ይሄን የሚመልስ ዳታው ውስጥ አልነበረም። እኔ ውስጥ ነበር።

ልጅ ሆኜ ጉንፋን ይዞኝ ከትምህርት ቤት የቀረሁበት ቀን ነው። በር ተንኳኳ። እናቴ ከሌሊት ሥራ ገብታ ገና ጋደም ማለቷ ነው፤ ዓይኗ ደም መስሎ ተነሳች፣ ከፈተች። ወረቀት የያዘ ጎልማሳ ነው። ወንበር አቀረበችለት፣ ውሃ ሰጠችው። የልጅሽ ውጤት ሲላት ከቁም ሣጥኑ የወንድሜን ካርድ አወጣችና በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ ሰጠችው። ስልሳ ስምንት። እንዴት እንደኮራች! ሰውዬው ጽፎ ወጣና የጎረቤታችንን በር ማንኳኳት ጀመረ። ጎረቤታችን እዚያው ፋብሪካ የቀን ፈረቃ ናት። እናቴ አንገቷን አውጥታ «ሥራ ናት፤ ማታ ቢመለሱ ያገኟታል» አለችው። እናቴ የተወለደ ሁሉ አንቱታ ይገባዋል ብላ የምታምን ሴት ናት።

«አይ፣ ማታ እንኳ አንሠራም» አላት ሰውዬው። «ለሌለ ሰው ኮድ አለን።»

የጎረቤታችንን ቤት ቁጥር ዳታው ውስጥ ፈለግኩት። ያ ሁለት ጊዜ የደገመው፣ ሁልጊዜ ጫማውን ገልብጦ የሚያደርገው ልጅ ዘጠና ዘጠኝ አምጥቷል። ወንድሜን በሠላሳ አንድ ነጥብ በልጦታል።

ሰዎቹ የመጡት በሥራ ሰዓት ነው። ቀን የሚሠሩት እናቶች ቤት አልነበሩም፤ ልጆቻቸው ዘጠና ዘጠኝ ተባሉ። ሌሊት የሚሠሩት ግን ቤት ነበሩ፤ እንቅልፋቸውን ትተው ተነሱ፣ ከፈቱ፣ የልጃቸውን ካርድ አወጡ፣ እውነቱን ተናገሩ። የተፈረደባቸውም በዚያ ነው። ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁና ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ አበጠ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን እንደ ሰው ሠራሁ። የየትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት እየዞርኩ፣ ከአይጥ ጋር እየተጋፋሁ፣ የጠፉትን ውጤቶች ያገኘሁትን ያህል አገኘሁ። አንዳንዶቹ ዘጠና ዘጠኞች በዚያን ጊዜ ትምህርት ካቆሙ ቆይተዋል። የወንዙ ማዶ ምስጢርም ተፈታ፤ እዚያ ያሉት አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ስለሆኑ ዘጠና ዘጠኝ የሞላው እዚያ ነው። ሁሉንም በቦታው መልሼ ሪግሬሽኑን እንደገና ሠራሁት። ሰባት ነጥቡ የለም። በሌሊትና በቀን መካከል ከዜሮ የሚለይ ነገር የለም።

እሜቴ ቀሪ አንብባ ስትጨርስ፣ «ከዲፌንሱ በፊት ንገሪው» አለችኝ። «ሰው ነው።»

«ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ምዕራፍ አራት።»

«አነበበው?»

«ፈርሞበታል።»

እውነቴን ነው። ረቂቁን ወስጄለት ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ፣ ስሙ ያለበትን ምስጋና፣ ሁለት ጊዜ አነበበና «ግሩም ነው ልጄ» ብሎ ፈረመ። የመጀመሪያውን ዳታ እንዳየው እኔንም አየኝ። አፌን ከፍቼ ላስጠነቅቀው እችል ነበር፤ አልከፈትኩም። ዛሬም አይቆጨኝም።

የዲፌንሱ ቀን፣ ጽሑፌን በፈታኝ ፊት የምከላከልበት ቀን፣ አዳራሹ ሞላ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ወፍራምና ሳቂታ ሰው ነው። ፕሮፌሰሩ ከምክር ቤቱም አንድ ሹም ጋብዞ ከአጠገቡ አስቀምጧል፤ ጥናቱ በደቀ መዝሙሩ ሲታደስ እንዲያይለት። ወንድሜ ከሥራ ቀርቶ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ፈትጎ ፈትጎ ታጥቦ ኪሱ ከቶታል። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ በእጄ ላስገባው ብዬ ነው።

ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አወጣሁት። መስመሯ ከነግርማዋ ታየች።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለ ፈታኙ።

«ልጆች ናቸው። ሁሉም ዘጠና ዘጠኝ ያመጡ።»

«ሁሉም?» ሳቀ። «የት ነው ትምህርት ቤቱ? ልጆቼን ላስገባ።»

አዳራሹ አብሮት ሳቀ። ፕሮፌሰሩም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ፊቱ ዐመድ ሲመስል ቁጭ ብዬ ለማየት ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ! ቆሜ አየሁት።

«ኮዱ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ነበር። ዓምዱ ግን የሚይዘው ሁለት አኃዝ ነው፤ ፕሮፌሰር።»

ሁሉንም ዘረዘርኩት። የምክር ቤቱ ሹም ማስታወሻ መጻፉን ትቶ ብዕሩን ከደነ። ፕሮፌሰሩ ግን ገና እጅ አልሰጠም፤ ሽንጡን ገትሮ ተነሳ። «እሺ፤ ስህተት አለ እንበል። ግን ያልተገኙት የቀን ሠራተኞች የሆኑት እናቶቹ ቤት ስላልነበሩ ነው ብለሽ ጽፈሻል። ይሄ ዳታው ውስጥ የለም። ሌሊት የሚሠሩት በሩን እንደከፈቱ በምን አወቅሽ?»

«ለእርስዎ ሰው በሩን ስትከፍት እዚያ ስለነበርኩ ነው» አልኩት። «ያቺ ሴት እናቴ ናት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበረች። እርስዎም በመጀመሪያው ቀን አይተው መስክረዋል፤ ጥሩ ተይዤ አድጌያለሁ።»

ተቀመጠ። ወንበሩን አጥቶ ጠርዙ ላይ ነው የተቀመጠው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ፈታኙ አለፍሽ አለኝ፤ የምክር ቤቱን ዕቅድም ውሃ በላው። ከወንድሜ ጋር እየሳቅን፣ መንገድ ላይ እየተጋፋን እንደ ልጅነታችን ወደ ቤት ገባን። እናቴን ከስፌት መኪናዋ አስነስቼ አልጋ ላይ አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ዘጠና ዘጠኙን፣ የጎረቤታችንን ልጅ፣ የፕሮፌሰሩን ፊት። «እማዬ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ሰባት ነጥብ የሚባል ነገር የለም።»

ታለቅሳለች፣ ታቅፈኛለች፣ ትመርቀኛለች ብዬ ነበር። የቀሚሷን ጫፍ አጥፋ ዘረጋች።

«እንግዲህ» አለች በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ባልከፍትለት ኖሮ ከሥራ አልወጣም ነበር ማለት ነው?»

ስንት ዓመት የተማርኩት ጥፋትን ከላይዋ ላወርድላት ነው፤ እሷ አንዱን አውርዳ ሌላውን ልትሸከም ጎንበስ እያለች ነው። ወንድሜ ነው የደረሰልኝ። ኪሱ የከተተውን እጅ አወጣና ትከሻዋ ላይ አደረገው። «እማዬ፣ እኔ የወጣሁት ደሞዝሽ ሲቆም ነው። ሌሊት ስለወጣሽ አይደለም። ጥፋተኛ ነኝ ስትይ ዝም ያልኩት ምን እንደምልሽ ጠፍቶኝ ነው። በሩን ያንኳኳው እሱ ነው፤ አንቺ ከፈትሽ እንጂ አልጠራሽውም።»

እጁን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ያዘችው። ጥቁሩ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም ነበር። አይታው፣ አገላብጣ አይታው፣ ያንን የለመድነውን ነገር ሳትል ቀረች።

ፕሮፌሰሩ የመጣው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ምሣ ልሠራ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እናቴ በሩ ሥር ስፌቷን እየረገጠች ሳለ ተንኳኳ። በመስኮቱ አየሁት፤ ፍራፍሬ በላስቲክ ይዟል፣ ኮፍያውን አውልቋል። መጋረጃውን እንደያዝኩ «እሱ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

ስፌቷን አቆመች። ተነሳችና እጇን መወርወሪያው ላይ አሳረፈች። ትከፍትለታለች ብዬ ልቤ ቆረጠ። የዕድሜ ልኳ አመል ነዋ! ሊቆጣጠር የመጣም፣ ዕቃ ሊወርስ የመጣም ከእናቴ ቤት በር ላይ ቆሞ አያውቅም።

«እትዬ» አለ ከውጭ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

እናቴ መወርወሪያውን ለቀቀችው።

«ሰው የለም» አለች።

«እትዬ፣ ድምፅዎን እየሰማሁ...»

«የለም አልኩህ!» የተወለደን ሁሉ አንቱ የምትለው እናቴ ናት ይሄን ያለችው። «ለሌለ ሰው ኮድ አላችሁ አይደል? ዘጠና ዘጠኝ በልና ሂድ።»

ከውጭ የላስቲኩ ኮሽታ፣ ከዚያም የሚርቅ እግር ተሰማ። እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ክሩን በምራቋ አርጥባ መርፌው ውስጥ ሰካችና ስፌቷን መርገጥ ቀጠለች።